የዳሩን ኮከብ ምን ይዞታል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ በር ላይ ከቆምኩ በኋላ ነው የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ የሚለኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ታዝንልኝ ነበር። አሁን ግን "ደወሉ ተደወለ እንዴ፣ መምህር?" እያለች ትስቅብኛለች። ኮቱን አውልቄ እቀመጣለሁ። ቀኝ ኪሱ ውስጥ ዛሬም የጠመኔ ዱቄት አለ፤ ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም። እኔንም ያልለቀቀኝ ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የባሰውን ልናገር ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ላስታን የረገጥኩት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፣ በምደባ ነው። መጀመሪያ የደረሰኝ ፍላቂት ነበር። ገብስና ውርጭ የማያልቅበት ደጋ ነው። የክፍሉ መስኮት መስታወት ስላልነበረው ነፋሱ ከተማሪው ቀድሞ ይገባል፤ እኔም ተማሪዎቼም ጋቢ ተከናንበን እንውላለን። ርእሰ መምህሩ "መምህር ጋቢ ለብሶ አያስተምርም" ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ውርጩ ሲበረታ እሳቸውም በጋቢ መጡ። ወረቀቱ ግን ከፋይሌ አልወጣም፤ ጡረታ ስወጣ ፋይሌን ሳገላብጥ አገኘሁትና ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ላሊበላ ተዛወርኩ። እዚያ ነው ጋሽ ደምሴን ያገኘሁት። ጋሽ ደምሴ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ በዕድሜም በሥራም የሁላችን ታላቅ። ጠመኔ ሲይዙ መጀመሪያ ለሁለት ይሰብሩታል፤ ሙሉ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጮሃል። ሰሌዳ ሲያጠፉ ከላይ ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ጎን አይጠርጉም፤ አቧራው የፊት ወንበር ተማሪ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ካለቀ ባትሪ የሚወጣውን ጥቁር ዱቄት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰው፣ ሰሌዳቸውን በገዛ እጃቸው ያጠቁራሉ። ይህን ሁሉ ከሳቸው ቀዳሁ። አንዱን ግን ሳልቀዳ ቀረሁ።

የሰሌዳቸውን የላይኛውን ቀኝ ጥግ፣ አንድ ክንድ የምታህለውን ቦታ፣ በጠመኔ መስመር ያጥሯታል። ተማሪ የማያውቁትን ጥያቄ ሲጠይቃቸው እዚያ ይጽፉታል፤ ከሥሩ የጠያቂውን ስም። ከዚያ "ይህን አላውቅም። እስክናውቀው ድረስ ከዚህ አይጠፋም" ይላሉ። አንዳንዱ ጥያቄ ሳምንት ይቆያል፤ አንዳንዱ ሙሉ ሴሚስተር። ተማሪው ስሙ እዚያ እንዲጻፍለት ሲል ጥያቄ ሲያድን ይውላል። እኔ ግን በሆዴ እንደ ድክመት እቆጥረው ነበር። አንድ ቀን "ጋሽ ደምሴ፣ አለማወቅን ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ምን ይሉታል?" ብላቸው "አላውቅም ማለት እኮ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለን ለሱም ጭምር ነው" አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ጥሩዬ አበራ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ደረሰችኝ። የብልባላ ገበሬ ልጅ ናት። ብልባላ ያኔ ከስምንተኛ በላይ ትምህርት ስላልነበረ፣ ላሊበላ ከአገሯ ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በእግሯ ትሄድና እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ዝምተኛ ነበረች። ግን በዚያ ዓመት ብቻ በጋሽ ደምሴ ሰሌዳ ጥግ ስሟ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አይቻለሁ።

አንድ ቀን እኔ ሳስተምር ከኋላ ወንበር ላይ ሱፐርቫይዘር ተቀምጦ ፎርም ይሞላል። ትምህርቱ ስበት ነው። ፀሐይን ሣልኩ፣ ፈለኮቹን ዙሪያዋን ሣልኩ። ለፀሐይ የቀረበው ይፈጥናል፤ የራቀው ስበቱ ስለሚላላበት ይዘገያል አልኩ። እስከዚህ ልክ ነኝ። ፎርሙ ላይ ጥሩ እንዲጻፍልኝ ብዬ ግን ከመጽሐፉ ወጣሁ። ፍኖተ ሐሊብን፣ ይህችን የኛን ፀሐይ ጨምሮ እልፍ አእላፍ ከዋክብት አብረው የሚዞሩባትን ጋላክሲ፣ እንደ ትልቅ ሰፌድ አድርጌ ሣልኳት። "እዚህም እንደዚያው ነው፤ የዳሩ ኮከብ ቀስ ይላል" አልኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ይመስለኛል ብዬ ነው።

ጥሩዬ እጇን አነሳች።

"ጋሼ፣ እህል ሲበራይ በሬዎቹ አንገት ላንገት ታስረው ነው የሚዞሩ። የመሀሉ ቆሞ የሚረግጥ ይመስላል፤ የዳሩ ነው የሚሮጥ። ያ ገመድ ባይኖር የዳሩ በሬ ጥሎ ይሄዳል። ከዋክብቱስ፣ የዳሮቹ እንደሱ የሚሮጡ ቢሆን፣ ምን ይዟቸው ነው የማይበተኑ?"

ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን ከፎርሙ ላይ አንስቶ አየኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። ይህን ማለት ሦስት ቃል አይሞላም፤ ጠመኔውም በእጄ፣ የሰሌዳው ጥግም ባዶ ነበር።

"ኮከብ በሬ አይደለም" አልኳት። "ሰማይ ላይ ያለው የሚታየው ብቻ ነው፤ የማይታይ ገመድ የለም። የዳሩ ኮከብ ቢሮጥ ኖሮ እስካሁን ተበትኖ ባለቀ ነበር። ቁጭ በይ፣ የዳር በሬ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሱፐርቫይዘሩም ሳቀ። ፎርሙ ላይ "ከተማሪዎች ጋር ያለው ግንኙነት፦ በጣም ጥሩ" ተብሎ ተጻፈልኝ።

ስም መለጠፍ እኛ አገር ጣጣ ነው። አንዴ ከተለጠፈ በውኃ አይለቅም። በዕረፍት ሰዓት "የዳር በሬ" አሏት። በማግሥቱ በር ላይ ሆነው እንደ በሬ ነጂ እያፏጩ አስገቧት። ሰማሁ። ዝም አልኩ፤ እንዲያውም ቀልዴ እንዲህ መወደዱ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ልዋሽ አልፈልግም።

ጋሽ ደምሴ ነገሩን ሰምተው መምህራን ማረፊያ ውስጥ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"ያች የብልባላ ልጅ ጠየቀችህ አሉ። ምን ብለህ መለስክላት?"

"ኮከብ በሬ አይደለም አልኳት።"

"እሱን አልጠየቀችህም።" ከዚያ "ያንተ ሰሌዳ ጥግ የለውም?" አሉኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጥሩዬ አልመጣችም። ቅዳሜ እንደ ልማዷ ወደ ብልባላ ሄዳ፣ እሑድ ሳትመለስ ቀረች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች "ትምህርት በቃኝ ብላለች" አሉ። ሰው ልኬ ማስጠየቅ እችል ነበር፤ ራሴም መሄድ እችል ነበር። ስም ዝርዝሩ ላይ ስሟን በቀይ ሰረዝኩት። በዓመቱ ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እስኪያርፉ ድረስ ያን ነገር መልሰው አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይቀለኝ ነበር።

ዘመን ሄደ። ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቀለ፤ መምህሩ ከሳተላይት ሲናገር እኔ ጎኑ ቆሜ አጋፋሪ ሆንኩ። "እስቲ አሁን እናንተ ሥሩት" ይልና ተማሪው እስክሪብቶውን ሳይከፍት "ጎበዞች!" ብሎ ያልፋል። "እጅ የሚያነሳ ተማሪ የማያይ መምህር!" እያልን ከጓደኞቼ ጋር ስንቀልድበት ቆየንና፣ አንድ ቀን ቀልዱ አፌ ላይ ደረቀ። እኔስ ያነሳችውን አይቼ ምን አደረግሁ?

በዚያው ሰሞን ትምህርታችንን እንድናሻሽል ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ይልኩን ጀመር። አስተማሪያችን ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የከዋክብትን ፍጥነት የሚያሳይ መስመር ሣለ። ከጋላክሲው መሀል እየራቅን ስንሄድ መስመሩ መውረድ ነበረበት። አልወረደም። ቀጥ ብሎ ሄደ።

"ስንለካቸው የዳሮቹ ከዋክብት አይዘገዩም" አለ። "ከመሀሉ ያላነሰ ይሮጣሉ። የሚታየው ቁስ ስበት ብቻውን ቢሆን ሊይዛቸው አይችልም፤ በተበተኑ ነበር። ስለዚህ የማይታይ ቁስ አለ። ብርሃን አያወጣም፣ አይመልስም፣ አያግድም። በስበቱ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ከሚታየው ቁስም አምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ጥቁር ቁስ ይሉታል። ጥቁርም አይደለም፤ እንዲያው አይታይም። ምን እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም።"

"የማይታይ ገመድ የለም" ያልኩበት የራሴ ድምፅ መጣብኝ። እጄን አነሳሁ።

"የዳሮቹ እንደሚሮጡ ከታወቀ ስንት ጊዜው ነው?"

"ኧረ ቆየ፣ ጋሼ። እኔ ሳልወለድ ነው።"

በማግሥቱ ቁስ እንዴት እንደተሰባሰበ አስተማረን። በመጀመሪያ ሁሉም ነገር እንደ ተነጠፈ ዱቄት እኩል ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ እዚህ በመጠኑ ወፈር፣ እዚያ በመጠኑ ሳሳ። የወፈረው በስበቱ ከጎረቤቱ ይወስዳል፤ በወሰደ ቁጥር ስበቱ ይበረታል፤ የሳሳው ይብስ ይሳሳል። የሚታየው ቁስ ግን ያኔ እጅግ የጋለ ስለነበር ልሰብሰብ ቢል ብርሃኑ እየገፋ ይበትነዋል። ጥቁሩን ቁስ ብርሃን አይነካውም። ስለዚህ እሱ ቀድሞ ረጋ፣ ቀድሞ ጓጎለ። በኋላ ዓለሙ ሲቀዘቅዝና ብርሃኑ ሲለቀው፣ የሚታየው ቁስ የተዘጋጀ ጎድጓዳ ጠበቀው። ወደዚያ ወረደ፤ ኮከብ ሆነ፣ ጋላክሲ ሆነ። እኛም ከዚያ መጣን። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ከደስታው ሥር ግን ጥሩዬ ተቀምጣለች።

መስከረም ላይ ይህን ለተማሪዎቼ እንዴት ላሳያቸው ብዬ ብዙ ደከምኩ። በነጠላ ሞከርኩ፤ ተቀደደ። ጋቢ አመጣሁ። ከጋቢው በታች በየቦታው ድንጋይ በክር ቋጥሬ አንጠለጠልኩ፤ አራት ተማሪዎች አራቱን ጫፍ ወጥረው ያዙ። ድንጋዩ ከላይ አይታይም። ገብስ በተንኩበት፤ ገብስ ሸካራ ነው፣ በወደቀበት ቀረ። ባቄላ ሞከርኩ፤ እየተደፋ አስቸገረ። በመጨረሻ አተር ተስማማኝ። አተሩን እንደ ዘር ከላይ ስበትነው፣ ልጆቹ ጫፉን ቀስ አድርገው ሲያወዛውዙት፣ እየተንከባለለ ሄዶ ምንም በማይታይበት ቦታ ክምር ክምር አለ። ልጆቹ ጮኹ። "ይህ ምሳሌ ነው" አልኳቸው፤ "እዚህ ድንጋዩን የቋጠርኩት እኔ ነኝ፣ አተሩንም ወደ ታች የሚስበው መሬት ነው። እዚያ ላይ ጥቁሩ ቁስ በራሱ ነው የጓጎለው።"

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ "የዳሩን ኮከብ ምን ያዘው ብሎ መጀመሪያ የጠየቀ ማን ነው?" አለችኝ።

በዓለም ላይ መጀመሪያ የጠየቀውን ስም ልነግራት እችል ነበር። አፌ ግን እንቢ አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የጠየቀችውን ነበር የማስበው።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋቢዬን፣ በፌስታል ደግሞ ድንጋዮቼንና አተሬን ይዤ ወደ ብልባላ በእግሬ ወጣሁ። መኪና አጥቼ አይደለም፤ እሷ የተመላለሰችበትን መንገድ ልቅመሰው ብዬ ነው። ከሰዓት ደረስኩ። የጥሩዬን ቤት ብጠይቅ ውድማ ላይ ናቸው አሉኝ። ባሏ በሬዎቹን ይነዳል፤ እሷ ከዳር የተፈናጠረውን ገብስ እየጠረገች ወደ መሀል ትመልሳለች። ገና ሳልናገር አወቀችኝ።

"ጋሼ? ምነው በደኅና? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

ባሏ በሬዎቹን አቁሞ ከገለባው ክምር ጥላ ሥር አስቀመጠኝ፤ ጠላ ቀዳልኝ። እሷ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማለች። በመንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ልክ እንደነበረች፣ የዳሮቹ ከዋክብት እንደሚሮጡ፣ የማይታይ ነገር እንደያዛቸው፣ እኔ ሳላውቅ እንዳወቅሁ ሆኜ እንደመለስኩላት ነገርኳት። ከዚያ ጋቢውን መዘርጋት፣ ድንጋዮቹን ማውጣት ጀመርኩ።

"ተዉት ጋሼ፣ ጋቢው ይቅር" አለች። "ገብቶኛል። ያኔም ገብቶኝ ነበር።"

እጄ ጋቢው ላይ ቀረ።

"አባቴ 'ለምን ተውሽው?' ቢለኝ 'ትምህርት አይገባኝም' አልሁት። ምን ልበለው? አስተማሪዬ በሬ አለኝ ልበለው? አምኖኝ ዳረኝ። በትዳሬ አላዝንም፤ ባሌ ደግ ሰው ነው። የሚቆጨኝ አባቴ ልጄ ደንቆሮ ናት ብሎ እንዳሰበ መሞቱ ነው።"

ባሏ አንገቱን ደፋ። ተነሥቼ ቆምኩና "አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እኔስ ሰማሁ" አለች። "የሳቁት ግን አልሰሙም።"

ከዚያ ባሏ ወደ በሬዎቹ፣ እሷም ወደ ጥርጊያዋ ተመለሰች። እህል ውድማ ላይ አያድርም። በሬዎቹ ሲነሡ የዳሩ በሬ እንደገና ሮጠ፤ እኔም እንደ አዲስ ነገር ቁጭ ብዬ አየሁት። ልሄድ ስነሣ ጥሩዬ ፌስታሉን ተቀበለችኝ። "ድንጋዩን ይውሰዱ፣ አተሩን ይተዉልኝ። ለወጥ ይሆነኛል" አለች። ያን ቀን ፈገግ ያለችው በዚያች ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ በሰልፉ ፊት ቆምኩ። የያኔዎቹ ሳቂዎች አድገው ተበትነዋል፤ አንዱ ግን እዚያው መዝገብ ቤት ይሠራል፣ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ከዓመታት በፊት ጥሩዬ አበራ የምትባል ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ መልሱን አላውቅም ነበር፣ አላውቅም ማለት አፍሬ ሰደብኳት፣ በኔ ምክንያት ትምህርቷን ተወች አልኩ። ርእሰ መምህሩ በኋላ ጠርተው "የግል ጉዳይ በሰልፍ ላይ አይነገርም" አሉኝ። ሌላም ማስጠንቀቂያ ቢጽፉብኝ ግድ አልነበረኝም። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ግን ለብዙ ቀን ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አያይም ነበር።

በዚያው ቀን የሰሌዳዬን የቀኝ ጥግ በመስመር አጠርኩ። "የዳሩን ኮከብ የያዘው ነገር ምንድን ነው?" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ "ጠያቂ፦ ጥሩዬ አበራ"። የጋሽ ደምሴ ሕግ እስክናውቀው አይጠፋም የሚል ነው፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ዓለምም አላወቀም። ስለዚህ እዚያው ኖረ። ክረምት ሰሌዳውን ባጠቆርኩ ቁጥር ይሸፈናል፤ መስከረም ሲገባ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው። ተማሪዎቼ ሌላ ጥያቄ ሲያመጡ ከጎኑ እጽፍላቸዋለሁ። የነሱ ይመለሳል፣ ይጠፋል። የጥሩዬ ይቀራል። ጡረታ እስክወጣ እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻው ክረምት ሰሌዳውን ሳጠቁር፣ ከእንግዲህ የሚጽፈው የለም ብዬ እጄ ከበደኝ።

ጡረታ በወጣሁ በመስከረሙ፣ የጎደለች ወረቀት ለማስፈረም ትምህርት ቤት ሄድኩ። ካስፈረምኩ በኋላ እግሬ በልማዱ ወደ ክፍሌ ወሰደኝ። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ በኔ ቦታ የተተካው ወጣት መምህር ብቻ ወንበር ያስተካክላል። ሰሌዳውን አየሁ። ጥጉ ታጥሯል። ጥያቄው እዚያው አለ።

"አንተ ነህ የጻፍከው?" አልኩት።

"አይ ጋሼ። አንዲት እናት ከብልባላ ልጇን አሥራ አንደኛ ልታስመዘግብ መጥታ ነበር። የአገሬ ልጆች እዚህ ይጻፋል ያሉኝ ጥያቄ የታለ ብላ ሰሌዳውን አየችና ጠመኔ ስጠኝ አለች። ለሁለት ሰብራ ጻፈችው። አጥፋው ካሉኝ..."

"እንዳታጠፋው!" አልኩት። ሳላስበው ጮህኩ።

ቀረብ ብዬ አነበብኩ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ጠመኔ ከያዘ የቆየ እጅ እንደሚጽፈው። ጥያቄው እኔ በየዓመቱ የምጽፈው ራሱ ነው። ስሙም ያው፣ "ጠያቂ፦ ጥሩዬ አበራ"። ከስሙ ሥር ግን እኔ ጽፌው የማላውቅ አንድ መስመር ነበረ፤ "ገብቶኝ ነበር።"